የሰው ድምፅ

ኦቾሎኒ ሻጭ ነበርኩ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
ፈረንጅ አራዳ፣ ከሲኒማው ደጃፍ ውዬ።
ያን ለት ግን ማን ይግዛኝ? ሰዉ ሁሉ አንጋጦ
አንድ ወረቀት ያያል፣ ዝናብ ጥጉን ልጦ።
የሴት ፊት ነው። ያን ፍንጭት የማያውቅ ማን አለ፣
ሐሙስ ሂርማታ ወርዶ፣ ማሯን በጣቱ ቀምሶ፣ ሳይገዛ ዞር ያለ?
(ስድቧ አወይቱን ተሻግሮ ይደርስበት ነበር።)
ከሥሩ «ፀዳለ» ይላል። ፀዳለ ደግሞ ማን ናት?
እኛ ዙልፋ አባ ቢያን እንጂ፣ ሌላ መች እናውቃት?

ከሸገር የመጡት ሰዎች፣ ካሜራ በላንድሮቨር ጭነው፣
ጅረን ላይ ደመና እስኪገለጥ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለምነው፣
ሲመለሱ ነው ያዩዋት። «ሰባት ወር አውሺን ፊትሽን!»
አባቷ፣ «በምን ልንለይሽ ነው፣ ስትገቢ ቤትሽን?»
ሄደች።
ጉለሌ ከረመች፣ በአንዲት ልብስ ሰፊ ጓዳ፣
ሌሊት ሌሊት «ፀ»ን በፍንጭቷ ልታሾልክ ስትሰናዳ።

አንዲት ቀላል ቃል ነበረች፣ የአፍቃሪ ሴት ልመና፦
«ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስ።»
«ጠሐይ» አለች። «ፀ!» አሏት። «ጠሐይ» አለች እንደገና።
ማይክራፎኑ ከአናቷ በላይ፣ እንደ ጥንብ አንሣ ጎንበስ ብሎ፣
አሥራ አንድ ጊዜ ሰማት፤ አሥራ አንዱንም ጥሎ።
የሰጧትን ስም እንኳ «ጠዳለ» ነበር የምትለው፤
«ስሙን እናንተ አመጣችሁት፣ ምላሴን ምን ልበለው?»
በመጨረሻ የሬዲዮ ሴት ጠሩ፤ ድምጿ የታጠበ፣ የተተኮሰ፣
ጨለማ ክፍል ገብቶ የዙልፋን ከንፈር የለበሰ።
(የሷም ስም አልተጻፈም። የሷን ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፍ፤
እኔ ያየሁት ዙልፋን ነው፣ ከሲኒማው ደጃፍ።)
ለዙልፋ ማንም አልነገራት።

ፊልሙ ጅማ ሲደርስ ሐምሌ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይወግራል፤
አባ ቢያ ከፊት ወንበር፣ ትንፋሹን በሙስበሃ ይቆጥራል።
እኔን ዘበኛው በሁለት ጥቅል ኦቾሎኒ አስገባኝ፣
መጋረጃው ሥር ቁጭ አልኩ፤ ብርሃኑ እንደ ዶፍ መታኝ።
እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በአዲስ ሻሽ ተሸፍና
ፊቷን ታየዋለች፣ የቤት ግድግዳ አክሎ፣ ራሷ ለራሷ ባዳ ሆና።
አፏ ተከፈተ፦
«ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስ።»
ቀጭን። ልስልስ።
አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣
«ውይ! ልጅቷ ታማለች እንዴ?»
ሳቁ። አባ ቢያ አልሳቀም። «የሰው ድምፅ ነው ይኼ» አለ፣
«የራሷስ ታዲያ የት ዋለ?»

ዝናቡ ነው ይላሉ፣ ማጉያውን ያበላሸው፤
የማሽኑን ሰው፣ ሙዘይንን ጠየቅሁት፤ ነገሩን በሳቅ አሸሸው።
ብቻ ድምፁ ሞተ። ፊቷ ግን ይለምናል፣ አፉን እየከፈተ እንደ ዓሣ።
ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ድምፅ ተነሣ፦
«ጠሐይ ሳትጠልቅ ተመለስ!»
በቅሎ የሚያስደነብር፣ ገበያ አቋርጦ የሚደርስ።
ሁሉን ራሷ አለችው፣ ልቅሶውንም፣ እርግማኑንም፤
ከራሷ ከንፈር አልቀደመችም፣ አልዘገየችም።
የወንዱን ክፍል ግን አልነካች፤ ለዝናቡ ተወችለት፣
ዝናቡም ከጣራው ላይ፣ አፍቃሪ ሆነ ለዚያ ለት።

ሁለት ፊልም ጨመረች። በአንደኛው ዲዳ ገረድ፣
በሌላው ሬሳ፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አፈር ስትወርድ።
ከዚያ ሂርማታ ተመለሰች፣ ወደ ቅሏ፣ ወደ ሚዛኗ፤
ቀምሶ ለሚሄድ ወዮለት! አልጠፋባትም ልሳኗ።

ፊልሞቹ የት እንደገቡ እንጃ። እኔ ጋ ያለችው አንዲት ቁራጭ ናት፣
ሙዘይን የተበጠሰውን ሲቀጥል፣ ወለል ላይ ወድቃ ያገኘኋት።
ጥፍር ታክላለች። አፏ ክፍት ነው፤
ከቃሉ በፊት ይሁን በኋላ፣ አላውቅ።
ዝናቡ ባባራ ቁጥር ወደ ጠሐይ አነሣታለሁ፣
ሳትጠልቅ።