«እንደ ራስዎ ይሁኑ»

ሽምብጥ ጥግ፣ ከውኃው ዳር፣ ደንገል ከተከመረበት፣
ጋሽ ይማም ታንኳ ሲያስር ቆሜ አየሁት አንድ ዕለት።
ስልኬ እጄ ላይ ነበረ፣ እንጀራዬ ነውና፤
ዐይኔ ብቻ ያየውን ልቤ አያምነውምና።
(ጁስ ቤቱም ሆቴሉም ያውቀኛል፤ «ነይና ቅረጪን» ይላል፤
ያልጣመኝን «ይጣፍጣል» ማለት ምሳዬን ያበላኛል።)

እሱ ግን አላየኝም። ጉልበቱን ደንገሉ ላይ ጭኖ፣
ገመዷን በጥርሱ ነክሶ፣ በግራ እጁ ተማምኖ፣
ሳበና፣ ቋጠረና፣
መታ መታ አረገና፣
«አንቺ ካልከዳሽኝ» አላት፣ «አይከዳኝም ጣና።»

ለማንም አልነበረም። ከእጁ ጋራ ነው ያወራ፣
ገበሬ በሬውን ጠርቶ እንደሚያዋራው በሥራ።

አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። ማታውኑ ለቀቅሁት።
ሰው እንደ አሸን ፈልቶበት ጧት ስነሣ አገኘሁት።
አንዱ «አባቴን መሰለኝ»፣ አንዷ «አለቀስኩ» ትላለች፤
አንዱ፦ «ገመዷስ፣ እህቴ፣ የት ሱቅ ትገኛለች?»

ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤
«የጽኑ ገመድ ፋብሪካ የገበያ ክፍል ነኝ» አለ።
«ተዋናይ ከፍለን ነበር፤ ማን ያምነዋል በዛሬ?
ሕዝቡ የሚሰማው እንዳንቺ ነው፣ የራሱን የሠፈር ፍሬ።
ያልታሰበ፣ ያልተጠና፣ እንዲያው ካፍ የወጣ ይሁን፤
ጽሑፉን ልኬልሻለሁ፣ ያጥኑልን ቃል በቃሉን።»

ማክሰኞ መጡ ባውሮፕላን፣ ሻንጣ፣ መብራት ተሸክመው፤
የታንኳዋን ጭቃ አጥበው፣ ሌላ ጭቃ ቀቡ ደግመው።
«አባባ፣ እንደ ራስዎ ይሁኑ» አለ ልጁ በትሕትና።
«እንደ ራሴማ ነበርሁ፣ አንተ ሳትመጣ ገና።»
ሣቀ። ጎንበስ አለ። ሳበ።
«አንቺ ካልከዳሽኝ…»
«ካት! ስሟን ይጥሯት በሙሉ።»
«ጽኑ ካልከዳሽኝ…»
«ካት! ትንሽ ፈገግ ይበሉ።»
«ጽኑ ገመድ…»
«ካት! አሁን ሲያስቡት ተይዘዋል፤
ሳያስቡት ነው የሚያምረው።»
«ልጄ፣ ሳያስብ ማን ይቋጥራል?»

አሥራ አራት ጊዜ። ፀሐይዋ ዘጌ ላይ ሄዳ ተጋደመች፤
ቃሏ በአሥራ አራተኛው የታኘከ ሸንኮራ ሆነች።
ያችን ወሰዱ። ወደዷት። ለእኔ አሥር ሺህ ከፈሉኝ፤
ለእሱ አንድ ጥቅል ገመድ፤ «ለማስታወሻ ነው» አሉኝ።
ውሉ ላይ ፈርሜያለሁ፣ አንቀጽ ሰባትን አንብቤ፦
«ስለ ዕቃው ክፉ አይወራ።»
ምን ክፉ አለ? አለ ልቤ።

ከዘንባባው ጎዳና ላይ ፊቱን ሰቀሉት በሰፊው፤
ዓሣ ገዥ ሁሉ ያውቀዋል፣ «ጽኑ!» ይለዋል ሲያልፈው።
እሱ ግን ከዚያ ወዲያ፣ ሊቋጥር ሲል ቀና ይላል፤
ካሜራ ያለ ይመስል ዙሪያ ገባውን ያያል።

ሐምሌ ላይ፣ በአንድ ሌሊት፣ ነፋስ ከዘጌ ተነሣ፤
የስጦታዋ ገመድ ተበጠሰች፤ ታንኳዋ ሄደች ከነዓሣ፣
ከነመረቧ፣ ከነመቅዘፊያዋ። ሲነጋ፣ ዓባይ አፍ ላይ፣
የፈረሰ ነዶ መስሎ ደንገሉ ሲዋልል ይታይ።

ጋሽ ይማም ቤቴ መጣ፣ የተበጠሰችውን ይዞ።
አልጮኸም፤ አልተራገመም፤ ቆመ ደጄን ተመርኩዞ።
«ልጄ፣ ስልክሽን አውጪ። ያኔ ያልሁት እውነት ነበር፤
ይሄም እውነት ነው። ልናገር። አንድ ጊዜ፣ ሳይበዛ ነገር።
እንደ ራሴ እሆናለሁ።»

አንቀጽ ሰባት ጉሮሮዬን እንደ ቆሮሶ እሾህ ወጋኝ።
«ጋሼ፣ ባትሪው አልቋል» አልሁት።
ወዲያው ስልኬ በራ እጄ ላይ፤ መልእክት ገብቶ አጋለጠኝ።
አየው።
እኔንም አየኝ።

ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱን ጫፎች አገናኘና፣
ሳበና፣ ቋጠረና፣
መታ መታ አረገና፣
ምንም አላላትም።