የመጨረሻው ረድፍ

ሁለት ፍልጥ አንስታ ሳልሜ ታጋጫለች፣
ከዳሱ ሥር ቆማ ጆሮዋን ጥላለች።
ደረቅ ከሆነማ እንደ ቃጭል ይጮኻል፣
እርጥብ ከሆነ ግን ዱብ ብሎ ይቀራል።
ባሏ ኤንዴል ነበር ያስተማራት ጥንት፣
በቮሩ ገጠር ውስጥ፣ በኤስቶኒያ ክረምት።

በርች ነው የሚቆርጠው፣ ያንን ቅርፊተ ነጭ፣
በየካቲት ብርድ፣ ውሃው ከሥር ሳይመነጭ፤
በመጋቢት ፈልጦ፣ ቅርፊቱን ወደ ላይ፣
ልቡን ወደ ነፋስ፣ ጎኑን ወደ ፀሐይ፤
በፍልጡ መካከል መዳፍ የሚያስገባ፣
ነፋስ እንዳይቸገር ሲወጣ ሲገባ።
ሁለት በጋ ሙሉ እንዲያ ይተወዋል፤
«የዘንድሮ ላቤ ለከርሞ ወዲያ ነው፣ ምን ያስቸኩላል?» ይላል።

በሚያዝያ ሞተ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣
ከግድግዳው ሥር ትቶ ሦስት ረድፍ ፍልጥ።
አንዱን ካቻምና፣ አንዱን አምና ፈጀች፤
ምድጃው የጡብ ነው፣ ከጎኑ መደብ አለው፣
ጀርባዋን አስደግፋ እዚያው ላይ አመሸች።

ዘንድሮ በጥር፣ ሦስተኛውን ስትነካ
እሳቱ አኮረፈ።
ፍልጡ ካፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሲስ አለ፣
ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ።
በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል ይባላል፤
እዚህስ እርጥቡ ደረቁን ይገድላል።

ባትሪ ይዛ ወጣች፤ ረድፉን ከላይ እስከ ታች አየችው።
ግማሹ ድቡልቡል ነው፣ ጭራሽ ያልተከፈተ፣
ግማሹ ላይ መጥረቢያው አራቴ አምስቴ የሳተ፤
ቅርፊቱ ወደ ታች፣
መዳፍ ቀርቶ ጣት የማያስገባ።
ኤንዴል እንዲህ አይሠራም።
ኤንዴል በአንድ ምት ነበር።

ያን መጋቢት፣ አንድ ማታ፣
የኪያር ጠርሙስ ይዞ መጣ፤
«ክፈቺልኝ» አላት።
ከፈተችለት። ሳቀችበት ደግሞ፣
«አረጀህ!» ብላ።
እሱም ሳቀ፤ ኪያሩን በላ።

«አንተ ውሸታም» አለችው እንጨቱን።

በማለዳ ከጉቶው ላይ በረዶውን ጠረገች።
አንዱን አቆመች፤ መታች፤ ሳተች፤ ደግማ መታች።
ተከፈተ። ውስጡ ቀይ፣ ቀዝቃዛ፣
ሽታው ያን ዓመት የነበረ ሽታ።

ሰባ አራት ዓመቷ ነው።
ሁለት በጋ ብላ በጣቷ ቆጠረች፣
ጣቶቿን አጥፋ ትንሽ ቆየችና
ሌላውን አቆመች።