ጣርማ በር ላይ ጉም ሲዘጋ

ከደብር ወደ ደብር ነበረ መሄዴ፣
ከደብረ ብርሃን ደብረጸን መውረዴ።
ስሟ ደብር ቢልም፣ ሃንጋሪ ያለቻት
ተራራ የላትም፤ ሜዳ ነው የዋጣት።
ሁለት ዓመት እዚያ፣ ቀመር ሳሰላ፣
መስመር ሳሰምር በካርታ ገላ፣
ውሃ ከአፈር ሥር በየት እንደሚሄድ
ተምሬ መጣሁኝ።
እኔስ በየት ልሂድ?

ዲግሪዬ ሁለት ነው። አንዱ በመስታወት
ተሰቅሏል ሳሎን ውስጥ፣ ከአባቴ ፎቶ ፊት፤
ሁለተኛው ገና በካርቶን ቱቦ ውስጥ
ከአልጋ ሥር ተኝቷል፣ ሳይፈታ፣ ሳይገለጥ።

ጠባሴ፣ መንገድ ዳር፣ ከምሰሶው ቆሜ
ማስታወቂያ አነባለሁ ደግሜ ደጋግሜ፦
«የሥራ ልምድ፦ ዜሮ።» ደስ ይለኛል እሱ፤
«ዕድሜ፦ እስከ ሃያ አምስት» ይላል ግርጌው ሲደርሱ።
ሃያ ዘጠኝ ነኝ።

እትዬ ደብሪቱ ወተት ይዛ ስትመጣ
አንድ ጥያቄ አላት፣ ከአፏ የማይታጣ፦
«መቼ ነው መመለሻሽ?»
«ተመልሻለሁ እኮ!»
«እሱንማ አየሁ፣ ልጄ፣ ቆመሻል አይደል እኮ!
መቼ ነው መመለሻሽ?»

አባቴ አይጠይቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት
ብርድ ልብስ ሲያመርት ከፋብሪካ ማሽን ፊት
ጆሮው ደክሞበታል፤ ዝምታን ለምዷል።
ማታ በር ስከፍት ግን ጫማዬን ያያል፦
አቧራ ካለበት፣ ጭቃ ከነካካው፣
የሆነ ቦታ ውላለች ብሎ ነው የሚረካው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ሆቴል
ገንዘብ ያዥ ፈልጎ «ቅዳሜ ነይ» ሲል
ነጭ ጫማ ገዝቼ ሚኒባስ ገባሁ።
ዋሻው አፍ ስንደርስ ዓለምን አጣሁ፤
ጣርማ በር፣ በሩን፣ ዘጋው ጉም መጥቶ፤
የራሳችን መብራት ዐይናችንን መታ፣ ወደኛው ተመልሶ።

«ሸዋቀና፣ ውረድ!» አለ ሾፌሩ።
ረዳቱ ዘለለ፣ ሳንቲም በኪሱ እየተንኳኳ፣
ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ፣ ጺም ያልነካው ልጅ፤
የስልኩን ባትሪ አብርቶ ፊት ፊት ሲሄድ
መኪናው በእግሩ ልክ ተራመደ።
«ይታየዋል እንዴ?» ጠየቀ አንድ ሰው ከኋላ።
«ምን ሊታየው! እግሩ ነው የሚያውቀው፣
አስፋልት ሲያልቅ፣ ጠጠር ሲጀምር።»

«ከገደሉ በኩል አንድ ሰው ጨምሩልኝ!»
ለምን እኔ ወረድኩ? ዛሬም አልገባኝ።
ነጩን ጫማ ጭቃው ሳብ አድርጎ ያዘው፤
ክንዴን ብዘረጋ መዳፌ አይታየኝ፤
ሃያ እርምጃ ሄድኩኝ፣ ምናልባት ሠላሳ፣
ከዚያ ሰማሁ።
ከመንገዱ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ሥር፣
ቱቦው ተደፍኖበት መውጫ ያጣ ውሃ
አፈሩን ሲያላምጥ፣ ቀስ እያለ ሲውጥ።
በቀመር ነበረ እኔ የማውቀው፤
ድምፅ እንዳለው ማንም አልነገረኝም።

«ሸዋቀና! ወደ ተራራው! ሥሩ ባዶ ነው!»
እንዴት አወቅሽ አላለም። ዞረ ብቻ።
መኪናው ቋጥኙን በመስተዋቱ እየፋቀ አለፈ።

ጉሙ ሲሳሳ ሾፌሩ ሲጋራ ለኮሰ፦
«ሥራሽ ምንድን ነው አንቺ?»
«ውሃ» አልኩት።
ሌላ ጊዜ ማብራሪያ እደረድር ነበር።

ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጠረ። ሰኞ ዕለት
ሄድኩ ደብረ ሲና፣ የመንገድ ጥገና ጽሕፈት ቤት፤
«ደብዳቤ አምጪ» አሉኝ፣ «ነገ ነይ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ነው»፤
በአራተኛው ቀን የስድስት ወር ኮንትራት፣
አበል የሌለው፦
ከጣርማ በር እስከ አርማኒያ
ከመንገድ ሥር ያሉ ቱቦዎችን ቆጥሮ፣
የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ መመዝገብ።
«ቱቦ ልትቆጥር ነው ሃንጋሪ የሄደችው?»
አለች እትዬ ደብሪቱ። መልስ የለኝም ነበር፤ ወተቱን ተቀበልኩ።

ያን ማታ አባቴ ጫማዬን አየው፤
ነጭ የነበረ ነው። ዝም ብሎ ተኛ።
ጠዋት ስነሳ ግን፣ ጭቃውን ሳይነካው
ደፉ ላይ አስቀምጦታል፣
አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ።