ፊት የነሳኝ በር

ሬሲፌ ላይ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ዝናብ በማያጣው መንገድ
አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አለ፣ ወደ ባሕር የሚሰግድ።
እኔ አራተኛው ላይ ነኝ፤ ዞራይዴ ይሉኛል፤
የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ነበርኩ፣ ጣቴን ዛሬም መርፌ ያምረዋል።

ደጁን ዠኒቫልዶ ይጠብቅ ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
ሬዲዮው ጆሮው ሥር፣ ቀልቡ ኳስ ሜዳ ውስጥ ሲዋትት።
ግን ያውቃል።
ማን ተጣልቶ እንደወጣ፣
ማን ከሆስፒታል ባዶ እጁን እንደመጣ።
ያውቃል፤ አይናገርም።
ያየውን እዚያው ይተዋል፤ ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድም።

አንድ ማታ ምድር ቤት ለስብሰባ ተጠራን።
«ወጪ ይቀንሳል» አለ ሊቀ መንበሩ፣ «ይህ በር ሰው አያሻውም፤
አይተኛም፣ አይታመምም፣ ዓመት በዓል አያውቅም።»
እጅ ወጣ፣ እጅ ተቆጠረ፤ የኔም እጅ አብሮ ነበረ፤
ልናዘዝ፣ ከወር መዋጮዬ ሠላሳ ሬያል ስላስቀረ።

ከዚያ ተሰለፍን፣ ፊት ለመስጠት።
ግንባሬን፣ አገጬን፣ በቀኝም በግራም አየኝ፤
«ፈገግ አይበሉ» አለ ልጁ፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ።
ፊደሉ የጉንዳን ዱካ፣ መነጽሬ ፎቅ ላይ ቀርቷል፤
ምን እንደሰጠሁ ሳላውቅ፣ ስሜ ከታች ተጽፏል።

ወራት ፊት ሰጠሁት፣ ወራት ከፈተልኝ፣
እንደ ሎሌ፣
«ሰላም ዞራይዴ» የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ እያበራልኝ።

በሰኔ አንዲት ደም ሥር ጭንቅላቴ ውስጥ ተበጠሰ፤
ግራ ጉንጬ፣ ክሩ እንደተመዘዘ ጠርዝ፣ ቁልቁል ፈሰሰ።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝቼ፣ በከዘራ ስመለስ፣
ታክሲው ጥሎኝ ሄዷል፣ ዝናቡ ጀርባዬን ሲያርስ፣

ፊት ሰጠሁት።
ፊት ነሳኝ።
«አልታወቁም» አለ፣ ቀይ።
ፀጉሬን ሰብስቤ ደገምኩ፣ መነጽሬን አውልቄ ላሳይ፤
የወረደ ጉንጬን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ደግፌ ያዝኩ፤
የድሮዋን ዞራይዴ፣ በገዛ እጄ አስመሰልኩ።
«አልታወቁም።»

በረንዳው ጥግ ተጠግቼ ለኩባንያው ደወልኩ።
«ፊቴን መልሱልኝ፣ ያን የበፊቱን» አልኩ።
ሴትየዋ ትሑት ናት፦
«እሱማ ሌላ ከተማ ነው፣ ከብዙ ፊት ጋር ተሰልፎ፤
ፈርመዋል እኮ እመቤቴ፣ ለሦስተኛ ወገንም ተላልፎ።»

እኔ የማውቀው ወገን ያባቴና የናቴ ነው፤
ሦስተኛው ወገን ማነው፣ አፍንጫዬን የወረሰው?
ሞቼም ቢሆን እዚያ ልኖር ነው፣ ጉንጬ ሳይወርድ፣ ሳላረጅ፣
እኔ እዚህ እየበሰበስኩ፣ በገዛ ቤቴ ደጅ?

ከመንገዱ ማዶ ዠኒቫልዶ ዛሬ ኮኮናት ይሸጣል፤
ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ኩሬውን ዘሎ መጥቷል።
«ዶና ዞራ!» ጠራኝ ከኋላዬ፣ ፊቴን እንኳ ሳያየኝ፤
ከከዘራው ድምፅ መሀል፣ በድሮው እርምጃዬ ለየኝ።

ከዚያ ፊቴን አየ።
ጃንጥላውን ወደኔ አዘነበለ።

እሱም አይከፍት፣ እኔም አልከፍት፤ የሚታወቅ ሰው እስኪመጣ፣
የስድስተኛ ፎቋ ኢያራ ከትምህርት ቤት እስክትወጣ፣
ሁለት ያልታወቅን ሰዎች ባንድ ጃንጥላ ሥር፣
በላያችን ያቺ ጥቁር ዓይን ሳትታክት ስትቆጥር።

«ምን አየህ?» አልኩት በኋላ፣ የሚወርደውን አፌን ሸፍኜ።
«ዝናብ» አለኝ።