ትርፍ ሰው

በኪችነር ከተማ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ቆዳ ይለፋበት የነበረ ሕንፃ
በመስታወት ታድሶ፣ በኪራይ ተወድዶ፣
አሥራ አንድ ነበርን፣ ሁላችን መሐንዲስ፣
በረዶ ጠራጊ መኪናን በካርታ
ከመንገድ ወደ መንገድ የምናመላልስ።

ሥራችን ውብ ነበር፤ ማንም አይክደውም፤
የቱ ጎዳና ላይ በረዶ እንደሚቆለል
ሳይነጋ ያውቀዋል፣ አንድ ቀን አይስትም።
የሚገዛው አጣ እንጂ፣ ሌላ እንከን የለውም።

ኅዳር ላይ አለቃው አንዲት ሴት አመጣ፤
«ራቪና ትባላለች፤ የንግድ ምሩቅ ናት»
ብሎን ወንበር ፍለጋ ወጣ።
ወንበር አልተገኘም።
ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ ከእኛ መሐል አንድም ሰው
ተነሥቶ አልለቀቀላትም።

ዲሚትሪ ጠጋ ብሎ፦ «ኮድ አትጽፍ፣ ሽቦ አትበይድ፤
ምንድን ነው ሥራዋ? ቀስት መደርደር ነው፣
ከስላይድ እስከ ስላይድ?»
እኔም በአማርኛ፣ ለራሴ፣ «ትርፍ ሰው!» አልኩና
ቃሉ ጣፍጦኝ ዋለ፤ ማታ እንደ ማስቲካ
ከጠረጴዛው ሥር ለጠፍሁት፣ ነገ ላኝከው እንደገና።

በሁለተኛው ሳምንት ከቢሮ ጠፋች።
«ብርዱን አልቻለችም» አልን፤ እሷ ግን ሰድበሪ ገብታለች፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጋቢና ውስጥ፣
ደብተሯ ጉልበቷ ላይ፣
ከሬይሞን ጎን ሆና፣ የእኛን ሥራ በእሱ ዓይን ልታይ።
ሬይሞን ሠላሳ ክረምት በረዶ የገፋ፣
ጓንቱ እንደ ትራስ የተነፋ፤
የእኛ ቁልፍ ደግሞ የጤፍ ፍሬ ታክላለች፤
በአንድ ጣት አራቱን ቢጫን፣
መኪናዋ ወደ ሐይቁ ታጠፊ ተባለች።
በፈረንሳይኛ ሰደበን፤ ስልኩን ወንበር ሥር ወርውሮ
ነዳ፣ እንደ ድሮ።

ስትመለስ ስላይድ አላሳየችንም።
ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጓንት ጠረጴዛው ላይ ጣለች፤
«አጥልቁና ክፈቱት» ከማለት በቀር አልተናገረችም።
በየተራ አጠለቅን፤
መጀመሪያ ተሳሳቅን፤
ከዚያ፣ በገዛ በሩ ላይ ቁልፍ እንደጠፋው ሰው፣ ቆምን።

«ሬይሞን ይነዳል እንጂ አይፈርም» አለች።
«የምትፈርመው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣
የጨው ወጪ እንቅልፍ የነሣት የሒሳብ ሹም አለች።
ያናገራት ሰው አለ?»
ዝም።
«የካዝናችንን ዕድሜስ የሚያውቅ?»
አሁንም ዝም።
«ሰባት ሳምንት። ስለ ፍጥነት አትንገሯት፤
ስንት ኩንታል ጨው እንደሚተርፋት ንገሯት፤
ዋጋውንም በተረፈው ልክ እንጂ
በመኪና ቁጥር አትቁረጡባት።»
ንግግሯን በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው
ያው ቃል መጣብኝ፤ እጄ፣ ሳላዘው፣
የጠረጴዛውን ሥር ዳሰሰው።

መልአክ አልነበረችም፤ ልዋሽላት አልሻም፤
ጥር ላይ፣ ገና ያልሠራነውን ለተንደር ቤይ ሸጠች፤
«ለዓርብ» ብላ። ዓርብ መጣ፤ ሥራው አልመጣም።
ሦስት ሌሊት ያልተኛው ዲሚትሪ
ኩባያውን ግድግዳ ላይ ከሰከሰ፤
እሷ ስልክ ይዛ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች ለደንበኛው፣
ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ ከኋላዋ እየፈሰሰ።

መጋቢት ላይ የሒሳብ ሹሟ ፈረመች፤
ለጨው ብላ ነው የፈረመችው፤
ያንን ውብ ስሌታችንን እስከ ዛሬ አላየችው።

ራቪና ሁለት ክረምት ሠርታ ካልጋሪ ሄደች፤
ስንብቱ አንድ ኬክ ብቻ ነበር፤
ዲሚትሪ ግን እስከ ዛሬ
ማንንም አያስነካም ያችን ወንበር።

አዲስ የገቡት ልጆች በእኔ ይስቃሉ፤
«በሐምሌ ሙቀት ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው
ጓንት የሚያጠልቀው?» ይላሉ።
አልመልስም። የናፍጣው ሽታ ለቋል፤ አውራ ጣቱ ተተርትሯል፤
አጠልቀውና ቁልፏን እነካታለሁ፤
እምቢ ካለች፣ ሥራችን ገና ይቀረዋል።