የዝግባ ተነሺዎች

ማስታወቂያውን እኔው ጻፍኩ፣ እኔው በሩ ላይ ለጠፍኩት፦
«ዝግባ የተባለው ሰርቨር ከመጋቢት ሠላሳ በኋላ ስለሚዘጋ፣
በላዩ ላይ ቤት ያላችሁ ሁሉ ዕቃችሁን ለይታችሁ፣
ምትካችሁን ወስዳችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ተነሡ።»
መልሼ አነበብኩት፤ ቆም አልኩ፤
ለካ የወረዳውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጬ ኖሯል የለጠፍኩ።

አራት ኪሎ፣ ከቤተ ሙከራው ሥር፣ ምድር ቤት ክፍል ሰባት፤
እኔ ግቢውን ሳልረግጥ ጀምሮ ዝግባ እዚያ ሲያጉረመርም ያነጋል ሌሊት።
መብራት ሲሄድ ባትሪው ይጮኻል፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እወርዳለሁ፤
ጄነሬተሩ እስኪነሣ መዳፌን ጀርባው ላይ አሳርፋለሁ፣
ትኩሳት እንደያዘው ልጅ።

ፊደል አያውቅም። «ሀ» ብለው ቢጽፉለት የጥያቄ ምልክት ይመልሳል።
ስለዚህ መምህሩም ተማሪውም ላቲን ተበድሮ አማርኛውን ያስነክሳል፤
«ጠፋ» ይሁን «ተፋ» ማንም አይለየውም፣
በዚህ የተነሣ ሁለት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች
አንድ ወር ሙሉ ሰላም አልተባባሉም።

ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ስም። በተራ ደወልኩ።
ወይዘሮ አማከለች፣ ከሬጅስትራር፦ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁት፤
ቤቴን ግን እንዳትነኪብኝ!»
ናርዶስ፣ የፊዚክሷ፣ አሁን አዳማ ያለችው፦
«የመመረቂያ ጽሑፌ? እስካሁን አለ? ወይ ጉዴ!
አጥፊልኝ በናትሽ፣ ሰው ሳያየው።»
የስድሳ ሰባቱ ስልክ አይሠራም። የዐሥራ አንዱን ያነሣው ሌላ ሰው ነው።

አቶ ፍሥሓጽዮን፣ ዝግባን ያቆመው፣ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ፣
በከዘራ መጣ፤ ገበታው ላይ ግን አልሸመገለም ጣቱ።
አንዲት ትእዛዝ ጻፈ፣ መልሷን ዐይቶ ሣቀ፦
«አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስት ቀን፣ አንዴ እንኳ ሳይጠፋ!
እኔስ በዚህ መሀል ሁለቴ ሆስፒታል ተኝቻለሁ።»
ቀጥሎ፣ «አዲሱ የታለ?» አለኝ፣ ክፍሉን በዐይኑ እየዞረ።
«እዚህ አይደለም፤ ደመና ላይ ነው» አልኩት።
«እ... የኪራይ ቤት ነዋ» ብሎ ከዘራውን አነሣና ወጣ።

የዶክተር ኅሩይ ነገር ነው ያስቸገረኝ።
ካረፉ አራት ዓመት። ቤታቸው ውስጥ ግን አሁንም የሚነቃ አለ፤
በየምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ራሳቸው ለራሳቸው የጻፏት ሰዓት ጠባቂ፣
አንድ መስመር ትልክላቸዋለች፦ «ኅሩይ፣ ክኒንህን ዋጥ።»
አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ አንድ መልእክት፣
አንዱም አልተከፈተ።
«ምትክ ይሰጣቸው?» ብዬ አለቃዬን ብጠይቅ፣
«ባለቤቱ በአካል ካልቀረበ ቤቱ ይታሸጋል» አለ።
መመሪያ ነው፤ ዐውቀዋለሁ፤ እኔም ቤት አንድ ኮፒ አለ።

በመጨረሻው ምሽት ብቻዬን ወረድኩ።
ገለበጥኩ፤ ቆጠርኩ፤ ከዋናው ጋር አመሳከርኩ።
ሠላሳ ሰባት ቤት ተጫነ። ሌላው በቴፕ ታስሮ መጋዘን ገባ።
የዶክተርን፣ ለማንም ሳልናገር፣
በራሴ ስም አስመዝግቤ ደባል አደረግኳቸው፤
የሰዓት ጠባቂዋን ግን እንዴት እንደማደርጋት አላወቅኩም።
ሦስት ሰዓት እስኪሆን ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።
ነቃች። ላከች። ተኛች።
ያን ጊዜ ነው ያጠፋሁት።

ማራገቢያው ወዲያው አልቆመም፤ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ፣
እንደ ደከመ ሰው ትንፋሽ... ከዚያ ጸጥ።
እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚህ ክፍል ሰምቼ አላውቅም።
ለካ ያ ጉርምርምታ ስንት ወር ጋርዶልኝ ኖሯል፦
ከቁልቁለቱ፣ ከእኛ ሰፈር በኩል፣
ኤክስካቫተር ይቆፍራል። ያርፋል። ይቆፍራል።

በሩን ቆለፍኩ። ማስታወቂያውን ልነቅለው ጫፉን ያዝኩና ተውኩት፤
ሙጫው ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ነው።