ክብሪት በኪስ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ኦስትራቫ፣ በሰኔ፤
ኦታካር ከጓሮው፣ ከአጥር ወዲህ እኔ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰል የቆፈረ ሰው፣
የአንድ ከረጢት ከሰል ማቀጣጠል አቃተው።

ቋሊማው ተደርድሯል ሰናፍጭ ተቀብቶ፣
ቢራው ከነጠርሙሱ ባልዲ ውስጥ ተኝቶ፤
ዝላታ፣ የልጁ ልጅ፣ ሹካ እያጋጨች፣
"ረሃብ ገደለኝ" ብላ በሳቅ ታፌዛለች።

አንዱን ጫረ፤ ነፋስ በላው።
ሁለተኛው ጣቱን ለበለበው።
ሦስተኛውን ሳይጭር ከቀፎው መለሰው።

እኔም ምክር አይገድ፣ ከአጥር ወዲህ ሆኜ
"ጋዜጣ ከሥሩ!" አልኩ፣ ድምፄን አግንኜ።
ፊት ለፊት የሚኖር ጎረምሳም መጣና፣
"ጋዝ ነው መድኃኒቱ፣ ጋዝ አርከፍክፍበትና…"

ጋዝ ሲል፣
ፊቱ ቀድሞ አመድ ሆነ፣ ከሰሉ ሳይነድ።

"ጠዋት ጠዋት" አለኝ፣ "ስንወርድ፣ ከበሩ
ኪስ ያስገለብጠናል ዘበኛው በየዙሩ።
አንዲት የክብሪት እንጨት የተገኘችበት ሰው
ያን ዕለት ይባረራል፤ ይቅርታም የለው።
ጋዙ አይታይ፣ አይሸት፤ ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፤
ብልጭታ እስኪመጣለት ዓመትም ይጠብቃል።
ሊቦር ከጎኔ ነበር፣ ሁልጊዜ የሚያፏጨው…"

አለና ዝም አለ። እኔም አልጠየቅሁት፤
ሊቦር ምን እንደሆነ ከዝምታው ሰማሁት።

ለካስ ዕድሜ ልኩን መሐል ቆሞ ኖሯል፣
እሳትና ከሰልን፣ እንደ ደመኛ፣ ገላግሏል፤
ዛሬ ለቋሊማ ሲባል "አስታርቅ" ቢሉት
ጣቱ እንዴት ይታዘዝ? ክንዱ እንዴት ይመንበት?

ዝላታ ግን ልጅ ናት፤ ደም አታውቅ፣ ሽምግልና አታውቅ፤
"ትምህርት ተዘግቷል!" ብላ፣
የሒሳብ ደብተሯን ያዘች ልትቦጫጭቅ።
የጥድ ፍሬ ለቅማ ከሥሩ ከመረች፣
ክብሪቱን ከእጁ ወስዳ አንዴ ብቻ ጫረች።

ኦታካር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።
ኪሶቹን ዳበሰ፤ ግራውን፣ ከዚያም ቀኙን።
ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ወረቀቱ ነደደ፤
የጥዱ ፍሬ ተንጣጣ፤
የከሰሉ ጠርዝ እንደ አዛውንት ጢም ነጣ፣
ውስጡ ግን ቀላ።
ምንም አልፈነዳም።

ቋሊማው በአንድ ጎኑ አረረ፤
በላን እንጂ ማንም አላማረረ።

ማታ፣ ከሰሉ ከስሞ ጓሮው ሲጨልም፣
በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት ከደጁ ላይ ሲቆም፤
ሁለት ኪሱን ገልብጦ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤
ዘበኛ የሌለው በር "እለፍ" ሲለው ዘለቀ።